ከበጉ ጀርባ ያሉት ጋሽ ንጉሤ

ይህ ነገር ሲደርስብኝ የካሜራ በሽተኛ ነበርኩ። ፎቶ አንሺ አላልኩም፤ ፎቶ አንሺ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ግን የምወደው ሌንስ ነበር። ቀን ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን ጉዳይ ስከታተል እውላለሁ። ማታ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤቴ ገብቼ፣ ፈረንጆች ስለ ሌንስ ሲነታረኩ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየሁ እራቴን እበላለሁ። ባል የለኝም፤ ካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድ ግን ሁለት አለኝ። እናቴ ደውላ "አሁንም ሰው አላገኘሽም?" ስትለኝ፣ "አግኝቻለሁ እማዬ፣ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ነው" እላታለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አትላስ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ የምንሰበሰብ ብጤዎች ነበርን። የቴሌግራም ግሩፕም አለን። ከመሀላችን በፎቶ እንጀራ የሚበላ አንድም የለም። ሚኪ ፋርማሲስት ነው፤ ሌላው ባንክ ይሠራል፤ አንደኛው ደግሞ ምን እንደሚሠራ እስካሁን በቅጡ አናውቅም፣ ግን ከሁላችንም የሚበልጥ ካሜራ ያለው እሱ ነው። ማኪያቶ እናዝዝና የማኪያቶውን አረፋ እናነሳለን። ፎቶው እስኪያምር ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፤ ማንም ግድ አልነበረውም።

የክብራችን መለኪያ ብዥታ ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ። የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት ፎከስ ያደረጋችሁበት ነገር ብቻ ጥርት ይላል፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። የቀዳዳው ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዥታውም ይበዛል። የእኔ ሌንስ እስከ አንድ ነጥብ አራት ይከፈታል፤ ከገዛሁት ቀን ጀምሮም ከአንድ ነጥብ አራት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከኋላ ያለው ግንብ ይሁን ሰው የሚለይበት ፎቶ ግሩፑ ላይ ከለጠፋችሁ "በስልክ ነው እንዴ ያነሳሽው?" ትባላላችሁ። እኛ ሰፈር ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

ብሎካችን ግቢ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ይቀመጡ ነበር። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ሆነው የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ይለክፋሉ። እኔን ካሜራ አንግቤ ሲያዩ "ሰብልዬ፣ ዛሬ ደግሞ ተረኛው የትኛው ጉንዳን ነው?" ይሉኛል። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይከድናሉ፤ ስልክ ወደ እሳቸው ዞር ካለ ደግሞ ፊታቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ። "ጋሼ፣ ላንሳዎት" ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

"ጥርሴን ላስተክል። ለማህሌት ሰርግ አስተክላለሁ፤ ያኔ እስኪሰለችሽ ታነሺኛለሽ።"

ማህሌት አንድዬ ልጃቸው ናት። ታጭታለች፤ ሰርጓም ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ አትላስ ልሄድ ሌንሴን እየወለወልኩ ሳለ ከታች ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ንጉሤ በእንቅልፋቸው አርፈው ተገኝተዋል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ስወርድ የእድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር። ሰማያዊው ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ሳይ አለቀስኩ።

የእድራችን ሊቀመንበር ሻምበል ደረሰ ናቸው። ሻምበል ለቅሶን እንደ ጦር ግንባር ነው የሚመሩት። ድንኳኑ መሀል ቆመው ሪፖርት ያቀርባሉ።

"ቀብር ዘጠኝ ሰዓት። አውቶቡስ ታዟል። ካህናት ተነግሯቸዋል። የቀረን ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ የት አለ?"

እንደምታውቁት የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይሄዳል። ያለ ፎቶ የሚወጣ ቀብር አሁን አሁን ታርጋ እንደሌለው መኪና ነው የሚታየው። ታዲያ ማህሌት መጀመሪያ ያመጣችው አባቷ ለመታወቂያ የተነሱትን ነበር። ጥርስ አልባው አፋቸው እንዳይታይ ከንፈራቸውን ጥብቅ አድርገው ስለገጠሙ፣ ባንክ ዘርፎ የሚፈለግ ሰው መስለዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና መለሱላት።

"ይህን ሰውዬ ከቤቴ አውጪልኝ።"

ቀጥሎ የሰርጋቸው ፎቶ መጣ። ጋሽ ንጉሤ አፍሯቸው በሩን የሚሞላ ጎረምሳ ናቸው። ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህንን ከያዝን ልጁ ሞተ ብሎ ነው ሕዝቡ የሚያለቅሰው። አይሆንም።" ማህሌት ስልኳን ከፈተች፤ እዚያ ውስጥ ያለው ባርኔጣ፣ መዳፍ፣ ማጅራትና ግድግዳ ነው።

ይሄኔ እትዬ ዘውዴ ቀና ብለው በድንኳኑ ውስጥ ፈለጉኝ።

"ሰብለስ? ይቺ ልጅ ግቢው ውስጥ ስታነሳ አይደል የምትውለው? ነይ የኔ ልጅ። ሲስቅ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ፈልጊልኝ። ያን ተቆጥቶ የተነሳውን አስይዤ አልሸኘውም። ከዚያስ ያለ ፎቶ ይሂድ።"

"ያለ ፎቶ አይቻልም" አሉ ሻምበል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ማተሚያ ቤቱ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ አድርሺ።"

እኔ እቴ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ደረጃውን የወጣሁት። ግቢውን ከእኔ በላይ ያነሳው ማን አለ? ማህሌት እንባዋን እየጠረገች ተከተለችኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩና ማሳየት ጀመርኩ። የደረጃው ብረት ላይ የሚሄድ ጉንዳን። የዘበኛው ድመት ጺም። የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የዝናብ ጠብታ። የልብስ መቆንጠጫ። አሁንም ሌላ የልብስ መቆንጠጫ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ማህሌት፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ።

"የልብስ መቆንጠጫ ነዋ።"

"እሱን አይደለም። ከኋላው ያለው።"

"ከኋላው ምንም የለም፤ ብዥታ ነው።"

"ሰብልዬ፣ አባቴ ነው።"

ቀረብ ብዬ አየሁ። ከታች ሰማያዊ እድፍ፣ ከሰማያዊው በላይ ቡናማ እድፍ። ሰማያዊው ወንበሩ ነው፤ ቡናማው ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ወደ ድመቱ ተመለስኩ፤ እዚያም አሉ። ወደ ጉንዳኑ ተመለስኩ፤ እዚያም አሉ። በየፎቶው ውስጥ፣ በየወሩ፣ በበጋም በክረምትም ተቀምጠዋል፤ አንዱም ላይ ግን አፍንጫ የላቸውም። የጉንዳኑን የእግር ፀጉር ብትሉኝ አሳያችኋለሁ። የሰውየውን ዓይን ብትሉኝ የለም።

"ሌላም አለ" አልኳት ለማህሌት፣ እንዳለ እርግጠኛ ሳልሆን።

የፋሲካ ዋዜማ ፎቶዎች ላይ ደረስን። የዚያን ቀን አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች የገዙት በግ ደረጃው ሥር ታስሮ ነበር፤ እኔም የበጉን ሽፋሽፍት ላነሳ ተንበርክኬ እታገላለሁ። በጉ በድንገት የካሜራዬን ማንገቻ ነክሶ ማኘክ ጀመረ። እኔ ስጎትት፣ እሱ ሲጎትት፣ ጋሽ ንጉሤ ከኋላ ሆነው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ካሜራው የዞረው ወደ በጉ ነው ብለው ተማምነው ነው መሰለኝ፣ ሁለቱ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው። አፋቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለውታል። ፎቶው ላይ የበጉ ጆሮና ዓይን ጥርት ብለው፣ ጋሽ ንጉሤ ግን ከጀርባው ቀልጠው ይታያሉ።

ማህሌት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። "ማጥራት አይቻልም?"

ይህን ጥያቄ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ይጠላዋል። ያነሳሁት ቀን ያልጠራ ነገር በኋላ አይጠራም ብዬ ላስረዳት ጀመርኩና ፊቷን ሳይ ተውኩት። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጥፌ "ጎረቤቴ አርፈዋል፣ ሌላ ፎቶ የላቸውም፣ እባካችሁ መላ" ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ። "ነፍስ ይማር። አንድ ነጥብ አራት ላይ ነው?" ሁለተኛው "ብዥታው ግን ጨዋ ነው" ይላል። ሦስተኛው የበጉ ዓይን ላይ ያለው ጥራት እንዴት እንደመጣ ጠየቀ። እነዚህ እንግዲህ ጓደኞቼ ናቸው።

ደግነቱ ሚኪ አራተኛው ነበር። "ዋናውን ፋይል ላኪልኝ፤ በኤ አይ አጠራዋለሁ" አለኝ። ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ላከው፤ እኔና ማህሌት እኩል ነው የደነገጥነው። በጉ የለም። ወንበሩ ላይ አንድ መልከ መልካም አዛውንት ተቀምጧል። ቆዳው ተወልውሏል፣ ቅንድቡ ተስተካክሏል፣ አፉም ከዳር እስከ ዳር በነጭ ጥርስ ተሞልቷል። የጥርስ ሳሙና ቢያስተዋውቅ ሥራ አያጣም።

ማህሌት አፏን ይዛ አለቀሰች። "አባዬ፣ ጥርሱን አገኘ።"

እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ጥርት ያለ ነገር ሳይ ልቤ ይረታል፤ አመሌ ነው። ደረጃውን እየሮጥን ወረድን።

ድንኳኑ ውስጥ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ "ወይ ማማር" እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሻምበል "ይህ ለሰልፍ ይመጥናል፤ ቶሎ ይታተም" ብለው ሰዓታቸውን አዩ። በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን አጥብቀው ብዙ አዩትና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ይሄ ማነው?"

"አባዬ ነው፣ እማዬ" አለች ማህሌት።

"ጥርሱን ማን አስተከለለት?"

"ኮምፒውተር ነው የሠራው።"

"ኮምፒውተሩ ንጉሤን ያውቀዋል?"

ማህሌት ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። "እማዬ፣ ጥርስ እኮ ራሱ ይፈልግ ነበር። ስንት ጊዜ ነው ያወራው?"

"የፈለገው ለሰርግሽ ነው፤ ለአማቶችሽ። ለእኔ ድዱን እያሳየ ነው ሲስቅ የኖረው። ሰው ፊት አፉን በእጁ ይከድናል፣ ቤት ሲገባ እጁን ያነሳል። ይሄን ጥርሳም አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው ፎቶ ፊቴ አስይዛችሁ እንዴት ነው የማለቅሰው?"

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኮምፒውተሩ ይሄንን ከየት አምጥቶ ነው የሠራው?"

ማሳየት አልፈለግሁም። አሳፍሮኛል። "እትዬ፣ እኔ ያነሳሁት ነው። ግን ብዥ ያለ ነው፣ ፊታቸውም አይለይም" እያልኩ የበጉን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ በመነጽር አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን በእጃቸው ልክ አራቁት።

"ይኸው" አሉ።



"ይኸው ንጉሤ። መነጽር ሳላደርግ ጠዋት ስነሳ እንዲህ ነው የማየው። በጉ ያንቺን ነገር ሲበላ ጊዜ ነው አይደል? ቤት ገብቶ ሲነግረኝ እንዴት እንደሳቀ።" እሳቸውም ሳቁ፣ እዚያው ፍራሹ ላይ፣ በጥቁር ልብሳቸው፤ ሳቁም ሳይቋረጥ ለቅሶ ሆነ። ማህሌት አንገታቸውን አቅፋ አብራቸው አለቀሰች፤ ስለ ጥርሱም ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

ሻምበል ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ወይዘሮ ዘውዴ፣ በአክብሮት ነው፤ ይሄ ፎቶ አይታይም። ሕዝቡ ምን ይላል?"

"ሻምበል፣ ባልየው የማን ነው?"

ሻምበል ሰዓታቸውን አዩና ለእኔ በእጃቸው በሩን አሳዩኝ።

ማተሚያ ቤቱ ከግቢያችን ብዙ አይርቅም። የሚያትመው ልጅ ሊዘጋ የብረት መጋረጃውን ግማሽ ድረስ አውርዶ ነበር። ፎቶውን ሲያየው መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ሊያወርደው ፈለገ።

"እህቴ፣ ይሄ አይታተምም። ብዥ ብሏል።"

"አውቃለሁ።"

"ትልቅ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።"

"አውቃለሁ።"

"በጉንስ?"

"በጉን ቁረጠው።"

በጉን ቆረጠው፤ ጆሮውን ግን መቁረጥ አልተቻለም፤ ከጋሽ ንጉሤ ትከሻ ፊት ለፊት ነበርና ከተነካ ትከሻቸውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶው የታተመው ከግራ ጥጉ አንድ የበግ ጆሮ ብቅ ብሎ ነው። በዚያ ሁሉ ብዥታ መሀል ፀጉሯ አንድ በአንድ የሚታይ ጆሮ። ልጁ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ "ማን ጋ አሳተምሽ ካሉሽ እኔን እንዳትጠሪኝ" አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንገባ ፎቶውን የያዘችው ማህሌት ነበረች። እኔ ከጎኗ እየሄድኩ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደረቷን እየመታች የምታለቅስ አንዲት ዘመድ ፎቶው አጠገብ ስትደርስ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ይቺ ጆሮ የማን ናት?" "የበግ" አልኳት። "እ" ብላ ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች።

ከዚያ ግን ያላሰብኩት ነገር ሆነ። የጋሽ ንጉሤ የድሮ የሥራ ባልደረቦች፣ ጡረታ የወጡ ሹፌሮች፣ ከቅጥሩ ወዲያ ዳር በዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከሩቅ ፎቶውን ሲያዩ አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ወደ ላይ አነሳ። "ንጉሤ" አለ፣ ሰው እንደሚጠራ። ቀረብ ሲልም እንባው እየወረደ "ከዚያ ሆኜ ሳይ ራሱ እየሳቀ የሚመጣ መሰለኝ" አለን። ለካ ፊት የማይለይበት ፎቶ ከሩቅ ሲያዩት ሰውየው ነው፤ አኳኋኑ፣ ትከሻው፣ ጭንቅላቱን የሚጥልበት ሁኔታ። ሻምበልም ሰሙት። ማህሌት እጇ ሲዝልም ፎቶውን ተቀብለው እስከ መቃብሩ የያዙት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እናንተ ካሜራ የምትወዱ፣ ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ ሌንስ ጥሉ ልላችሁ አይደለም። እኔም አልጣልኩም፤ የማልተወው በሽታ ነው። ግን የዚያን ሰሞን ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የድሮ ፎቶዎቼን በሙሉ እንደገና አየሁ፤ ከፊት ያለውን ትቼ ከኋላ ያለውን። ዘበኛውን አገኘሁት። ሽንኩርት የምትሸጠውን ልጅ አገኘኋት። እናቴን ራሷን አገኘኋት፤ ከአንድ የአቮካዶ ጁስ ብርጭቆ ጀርባ፣ ሮዝ እድፍ ሆና። እናቴን እንዲህ ያደረግኳት ብርጭቆ ለማሳመር ነው። እናንተም አንድ ቀን የቀለጠውን ቦታ ብቻ እየተመለከታችሁ ፎቶዎቻችሁን እዩ። የምታውቁት ሰው ሳታገኙ አትቀሩም።

አሁን ቀዳዳውን ስምንት ላይ አድርጌ ነው የማነሳው፤ ሌንሱን ፊት ለፊት ወዳለ አንድ ዕቃ አዙሬ ፎከሱን ከኋላ ላለው ሰው እሰጣለሁ። ሰው ካሜራው ወደ እሱ እንዳልዞረ ሲያምን ፊቱ ይፈታል፤ ይህን ያስተማረኝ በግ ነው፣ በምንም ቪዲዮ አላየሁትም። መጀመሪያ ያነሳሁት የግቢውን ሰው ሁሉ ነበር፤ የሁሉም ፊት ይለያል። ግሩፑ ላይ ስለጥፈው የባንኩ ሰውዬ "ሌንስሽ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። ለእናቴ ስልክላት ግን ወዲያው ደወለች፤ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ ስለ ባል ሳትጠይቀኝ ስልኩን ዘጋች።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ያለከልካሉ። ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ንጹሕ ነጠላ ደርበዋል።

"አንሺኝ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። "የእሱ ሳሎን ተሰቅሏል። ከጎኑ የምሰቅለው የእኔ እፈልጋለሁ።"

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። የሐምሌ ብርሃን ለስለስ ያለ ነው፤ ፊት ላይ እንዲህ የሚያምር ብርሃን ከዓመት ዓመት አይገኝም። ስምንት ላይ አድርጌ፣ ትራይፖዱን ተክዬ፣ ዓይናቸው ላይ ፎከስ አድርጌ አነሳኋቸው። በሕይወቴ እንዲህ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

"እኔን ብቻ ነው እንዴ ያጠራሽው?"

"አዎ እትዬ፣ አያምርም?"

"እሱ እንደዚያ ለስልሶ፣ እኔ እንዲህ ተሸብሽቤ ጎን ለጎን ልሰቀል? እንግዳ ቢመጣ እናቱ ናት ነው የሚለው። አጥፊውና እንደሱ አድርጊኝ።"

አጠፋሁት። ከኩሽና አንድ ሎሚ አምጥቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሌንሱን አንድ ነጥብ አራት ድረስ ከፈትኩና ሎሚው ላይ ፎከስ አደረግሁ። እትዬ ዘውዴ ከሎሚው ጀርባ ቀስ ብለው ቀለጡ። ሲያዩት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ካሜራውን በእጃቸው ልክ አራቁት።

"አሁን ገና ባልና ሚስት መሰልን" አሉ።